ሳይፈሩም ሳይቆጡም መናገር፦ ለዋርድ ነርሶች የአሠራር መመሪያ

«ዶክተሩን በሌሊት ቀስቅሼው ቢቆጣኝስ?» «አስታማሚ ሲጮህብኝ ምን ልመልስ?» «ያልሰጠሁትን መድኃኒት ፈርሚ ብባል እንዴት እምቢ እላለሁ?» እዚህ ጎንደር አዲስ የተመደቡ ነርሶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው። መልሱን በየጊዜው በቃል ከመድገም አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። አክብሮት በአጠራራችሁ፣ በድምፃችሁና በአቀማመጣችሁ ይታያል። ፍሬ ነገሩን ለመዋጥ ግን ምክንያት ሊሆን አይገባም። ይሉኝታ ይዟችሁ «ትንሽ ግፊታቸው ዝቅ ያለ ይመስላል መሰለኝ» ካላችሁ ሐኪሙ ቀላል ነገር መስሎት ሌላ ሥራውን ይቀጥላል፣ አልጋ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ይጎዳል። ታማሚውን መውደድ ማለት እዚህ ጋ በግልጽ መናገር ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኪስ የምትገባ ማስታወሻ ደብተርና እስክርቢቶ
- ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት። ስልክም ይሠራል፣ ግን ታማሚው ስልክ የምትነካኩ መስሎት ቅር ይለዋል
- ግፊት መለኪያ፣ ቴርሞሜትርና ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ
- የታማሚው ቻርት፣ የመድኃኒት መስጫ ወረቀቱን ጨምሮ
- የተረኛው ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም)፣ የሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም)፣ የሲኒየሩ (የበላይ ሐኪሙ)ና የነርስ ሱፐርቫይዘሩ ስልክ፣ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ የተጻፈ
- አንድ በርጩማ ወይም ወንበር

በርጩማውን አትናቁት፣ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ሐኪም ስትጠሩ

1. መጀመሪያ ታማሚውን ራሳችሁ እዩት። አስታማሚው «ኧረ ሲስተር ድረሽልኝ» ብሎ ሲመጣ ቀጥታ ወደ ስልክ አትሩጡ። አልጋው ጋ ሄዳችሁ ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ሙቀትና ኦክስጅን ለኩ። ትንፋሽን ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። የአዋቂ ሰው ትንፋሽ እረፍት ላይ ሲሆን በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው፣ ብዙ ጊዜም ግፊት ከመውረዱ በፊት መጀመሪያ የሚፈጥነው እሱ ነው። ከቀደመው ሺፍት «20» የሚለውን ገልብጦ የሚጽፍ ሰው ይህን ምልክት ያጣዋል። ቁጥር በእጃችሁ ካለ ደግሞ ሐኪሙ «ስንት ነው?» ሲል አትደናገጡም። አብዛኛው ፍርሃት የሚመጣው መልሱን ካለማወቅ ነውና ይሄ እርምጃ ግማሹን ያቀልላችኋል።

2. የምትፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። «መጥቶ እንዲያይልኝ»፣ «ፈሳሽ እንዲያዝልኝ»፣ «መድኃኒቱ እንዲቀየር»። ጥያቄ የሌለው ጥሪ «እሺ፣ ተከታተሉት» ተብሎ ይዘጋል።

3. በአራት ክፍል ተናገሩ፦ አሁን የሆነው፣ ከበስተጀርባው ያለው፣ የእናንተ ግምት፣ የምትፈልጉት። በሥልጠና ላይ ኤስባር የሚባለው ይኸው ነው። ሲነገር ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ ከሰርጂካል ዋርድ የምደውለው ተረኛ ነርሷ ነኝ። አልጋ 9 ያሉት የ54 ዓመት አባት አሳስበውኝ ነው፣ ግፊታቸው 85 በ50 ወርዷል።»

«ትናንት ትርፍ አንጀታቸው ፈንድቶ ኦፕራሲዮን የተደረጉት ናቸው። ጠዋት ግፊታቸው 120 በ70 ነበር።»

«አሁን የልብ ምት 128፣ ትንፋሽ 30፣ ሙቀት 38 ነጥብ 9፣ ኦክስጅን 91። ባለፉት 4 ሰዓታት ያወጡት ሽንት 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ኢንፌክሽኑ ወደ ደማቸው የገባ ይመስለኛል፣ ወይም ውስጥ ውስጡን እየደሙ ሊሆን ይችላል።»

«አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። ኦክስጅን አድርጌላቸዋለሁ። እስኪደርሱ ፈሳሽ ልጀምር?»

ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቅደም ተከተሉ የሚጠቅመው ሰሚው ከእንቅልፉ ቢነሳ እንኳ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ላይ አደጋውን ስለሚሰማ ነው። ሽንቱን የጠቀስኩትም በዋዛ አይደለም። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ያህል መሽናት አለበት፣ ስለዚህ በ4 ሰዓት 60 ማለት ኩላሊት በቂ ደም እየደረሰው ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ብዙዎቻችሁ ሦስተኛው ክፍል ላይ ትቆማላችሁ፣ «ምርመራ መናገር የኔ ድርሻ አይደለም» ብላችሁ። ግምት ተናገሩ እንጂ የበሽታ ስም ስጡ አላልኩም። «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ከጠዋቱ ብሶባቸዋል» ማለት ሙሉ ግምት ነው። ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው የነበራችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ለውጡን ከማንም በፊት የምታዩት እናንተ ናችሁ።

4. የታዘዛችሁትን መልሳችሁ ድገሙ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ በምን መንገድ እንደሚሰጥና ሰዓቱን። ቁጥር በእንግሊዝኛ ስለምንቀባበል ፊፍቲንና ፊፍቲ በስልክ አይለዩም። «አንድ አምስት፣ አሥራ አምስት ነው ያሉኝ?» በሉ። የሚያፍር ሰው እዚህ ጋ ይዘልላል። ማንም ሐኪም ደግሞ ትእዛዙ በትክክል መድረሱን ሲሰማ አይከፋውም።

5. ካልሰሟችሁ በደረጃ ጨምሩ። ድምፃችሁን ሳይሆን ቃላችሁን ነው የምታጠነክሩት። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሴፍትሪያክሶን የሚባለው የአንቲባዮቲክ መርፌ ታዟል፣ ታማሚዋ ግን ከዚህ በፊት ይህን መርፌ ስትወጋ ፊቷ አብጦ ትንፋሽ አጥሯት እንደነበር ነግራችኋለች።

መጀመሪያ፦ «ዶክተር፣ ይሄ ትእዛዝ አሳስቦኛል። ታማሚዋ ባለፈው በሴፍትሪያክሶን ፊቷ አብጦ ትንፋሽ አጥሯት ነበር።»

«ምንም አትሆንም፣ ስጧት» ከተባላችሁ፦ «ይህን እያወቅኩ መስጠት ይከብደኛል። አለርጂዋን ቻርት ላይ ጽፌዋለሁ። ሌላ መድኃኒት ይቀይሩልኝ?»

አሁንም እምቢ ካሉ፦ «ይሄ የታማሚዋን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ነው። እኔ አልሰጥም። ለሲኒየሩ እደውላለሁ፣ እርስዎም እንዲያውቁት ብዬ ነው የምነግርዎት።»

ሁለት ጊዜ መናገር የሚያስፈልገው የመጀመሪያውን ሰውየው በሥራ ብዛት ላይሰማው ስለሚችል ነው። ከሁለተኛው በኋላ ወደ ላይ መሄድ መብታችሁ ብቻ ሳይሆን ግዴታችሁም ነው። ለራሱ ነግራችሁ መሄዳችሁ ደግሞ ዞራችሁ እንዳልከሰሳችሁት ያሳየዋል፣ ነገ አብራችሁ መሥራታችሁ አይቀርምና።

እመጣለሁ ብሎ የሚዘገይ ሐኪም ሲገጥማችሁ በሰዓት ተስማሙ። «በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልደረሱ ለሬዚደንቱ እደውላለሁ፣ ይስማማሉ?» ያላችሁትንም አድርጉት። ደቂቃው አልፎ ዝም ካላችሁ ቃላችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ዋጋ አይኖረውም።

6. ወዲያው ጻፉ። ማን ተጠራ፣ ምን ተነገረው፣ ምን አለ፣ መቼ መጣ። «ከሌሊቱ 8፡10 ለተረኛው ሬዚደንት በስልክ ተነገረ፣ ግፊት 85/50፣ ምት 128። ከሌሊቱ 8፡25 መጥቶ አየ» ይበቃል። «ግድ የለሽ ነው» የሚል ነገር ቻርት ላይ አይጻፍ። የሰዓት አቆጣጠሩን ደግሞ አትቀላቅሉ፦ ዋርዱ በፈረንጅ ሰዓት ከጻፈ ሁሉንም በሱ፣ በእኛ ከሆነም ሁሉንም በእኛ። ሰዓቱ በ6 ሰዓት ተሳስቶ የተጻፈ መድኃኒት ድርብ ሊሰጥ ይችላል።

ከታማሚ ጋር

7. ተቀመጡና ስም ጠይቁ። በርጩማዋ ለዚህ ናት። ቆሞ የሚያናግር ሰው ሊሄድ የቸኮለ ይመስላል፣ ሁለት ደቂቃ የተቀመጠ ግን ብዙ ጊዜ የሰጠ ሆኖ ይታያል። «ማን ብዬ ልጥራዎት?» በሉ። ቄሱን አባ፣ ድጓ የሚያስተምሩትን መሪጌታ፣ ሐጅ የሄዱትን ሐጂ ብሎ መጥራት ሰውየው ከነክብሩ እንዳለ ያሳያል። በዕድሜ የገፉትን አንቱ ወይም እርስዎ በሉ። «እማማ» ማለትን ግን አትቸኩሉበት፣ የ45 ዓመት ሴት ልትቀየም ትችላለች። ሲሰሙ ደግሞ «አልጋ 9ኙ» ብላችሁ አትጥሯቸው። ያ የነርስና የሐኪም መግባቢያ ነው።

8. ከመንካታችሁ በፊት ተናገሩ። «አሁን ሆድዎን ገልጬ ቁስሉን አያለሁ፣ መጋረጃውን ዘግቻለሁ፣ ካመመዎት ይንገሩኝ።» ሴት ታማሚ ስትሆን ማን እንዲያያት እንደምትፈልግ ጠይቁ። ሳይነገረው የተገለጠ ሰው ቀጥሎ የምትሉትን አይሰማም፣ ስለ ኀፍረቱ ነው የሚያስበው።

9. ያስረዳችሁትን መልሰው እንዲነግሯችሁ አድርጉ። «ገባዎት?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሁሌም «አዎ ልጄ» ነው፣ ላለማስቸገር። እንዲህ በሉ፦ «እኔ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ፣ ቤት ሲደርሱ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ?»

የሰዓት ነገር ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። «በየ8 ሰዓቱ» ስትሉ ብዙ ሰው የሚሰማው «በ8 ሰዓት» ነው፣ በቀን አንዴ ከምሳ በኋላ ይውጣል። ስለዚህ ሰዓቱን ራሱን ቁጠሩላቸው፦ ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 4። ለማያነቡት ፀሐይና ጨረቃ እሽጉ ላይ ሣሉላቸው።

10. እምቢ ሲሉ መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የምናጣው እዚህ ላይ ነው።

ከመተማ በኩል ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ይዞት የመጣ የቀን ሠራተኛ እናስብ። ዕድሜው ሃያ ነው፣ አስታማሚ የለውም። በሁለት ዓይነት መርፌ የሚሰጠው ሕክምና 17 ቀን ነው፣ በ8ኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋና «ተሽሎኛል፣ ልሂድ» አለ። «አይቻልም፣ ተኛ!» ብትሉት ሌሊት ይጠፋል። እንዲህ ብትሉስ፦ «መሄድ የፈለግኸው ለምንድን ነው ወንድሜ?» ደመወዙ አሠሪው ጋ ቀርቷል፣ ወይም እናቱ ምንም ወሬ አልደረሳቸውም። ያኔ፦ «ጭንቀትህ ገባኝ። ግን ትኩሳቱ የጠፋው መድኃኒቱ መሥራት ስለጀመረ ነው እንጂ በሽታው ገና አላለቀም። ካቋረጥኸው ይመለሳል፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ማከሙ ይከብዳል። አሁን አሠሪህ ጋ እንደውል፣ ከዚያ እናትህ ጋ።» ምክንያቱን ሳትሰሙ የምትሰጡት ምክር ሌላ ሰው ላይ የተወረወረ ይሆናል።

ጾምም እንዲሁ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ እናት እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ ከዋሉ ስኳራቸው በጣም ሊወርድ ይችላል። «መጾም የለብዎትም» ብላችሁ ከጀመራችሁ ይጾማሉ፣ ለእናንተ ግን አይነግሯችሁም። «መርፌውን ስንት ሰዓት ይወጋሉ? እህልስ ስንት ሰዓት ይቀምሳሉ?» ብላችሁ ያለ ወቀሳ ጠይቁ፣ መልሱን ለሐኪሙ አድርሱ፣ የንስሐ አባታቸውንም እንዲያማክሩ ንገሯቸው። ጠበል ለሚሄዱት ደግሞ «ጠበሉን አልከለክልዎትም፣ መድኃኒቱን ግን ይዘው ይሂዱ፣ አንድ ቀንም አያቋርጡት» በሉ። የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ ይህንንም በቀላል አማርኛ አስረዷቸው።

ከተቆጣ አስታማሚ ጋር

11. ከሰው መሃል ለብቻ አውጡት። ኮሪደር ላይ የተጀመረ ክርክር በአንድ ጊዜ የአሥር ሰው ይሆናል፣ ሰውየውም ሰው ፊት ወደኋላ ማለት ያሳፍረዋል። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይምጡ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር።»

12. አስቀድማችሁ ስሜቱን በስሙ ጥሩት፣ ከዚያ እውነቱን ንገሩት፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚሆነውን። «ከደንቢያ ድረስ ይዘዋቸው መጥተው እስካሁን ደም አለመገኘቱ እንደሚያናድድ አውቃለሁ። አሁን ደም ባንክ የሳቸው ዓይነት የለም። ከቤተሰብ የሚለግስ ካለ ዛሬውኑ እናስመርምር፣ እኔ በ30 ደቂቃ ውስጥ ተመልሼ የደረሰበትን እነግርዎታለሁ።» መመለሱን አትርሱ፣ አዲስ ነገር ባይኖርም እንኳ «እስካሁን አልተገኘም» ለማለት ተመለሱ። ሰው የሚጮኸው በአብዛኛው ተረስቻለሁ ብሎ ሲያስብ ነው።

13. ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይመረጥ። ሰባት ዘመድ ሰባት ጊዜ ሲጠይቃችሁ ሰባት የተለያየ ወሬ ይወጣል። «ከእናንተ መካከል መረጃ የሚቀበለኝ አንድ ሰው ንገሩኝ፣ ለሱ ሁሉንም እነግረዋለሁ።» ታማሚው ራሱ መናገር ከቻለ ግን ማን እንዲሰማ እንደሚፈልግ መጀመሪያ እሱን ጠይቁት።

14. «አልጋው ጋ አምስት ሰው አይሆንም» ስትሉ አማራጭ አብራችሁ ስጡ። «አንድ ሰው ይቆይ፣ በየሰዓቱ ተቀያየሩ።» እምቢ ብቻ የሰማ ሰው ይከራከራል፣ መንገድ ያየ ግን ይደራደራል።

ከባልደረባ ጋር

15. ያያችሁትን፣ ያስከተለውን፣ የምትፈልጉትን ተናገሩ። ስለ ጠባዩ አትናገሩ። «ሰሞኑን ርክክብ ላይ ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ ዘግይተሽ መጥተሻል። በዚያ ሰዓት የ12 ሰዓቱን አንቲባዮቲክ ማን እንደሚሰጥ ሳይታወቅ ቀርቷል። ከነገ ጀምሮ በሰዓቱ ድረሺ፣ ካልቻልሽ ቀድመሽ ደውይልኝ።» «አንቺ ሁሌም ሰነፍ ነሽ» ካላችሁ ስለ ስንፍናዋ ትከራከራላችሁ፣ መድኃኒቱ ግን ይረሳል።

16. ያልሰጣችሁትን አትፈርሙ። ለሚበልጧችሁ ነርስ እንዲህ በሉ፦ «ሲስተር፣ አከብርዎታለሁ፣ ያልሰጠሁትን ግን መፈረም አልችልም። የሰጡት እርስዎ ከሆኑ እርስዎ ይፈርሙ፣ ካልተሰጠ ደግሞ አሁን ልስጠውና ልፈርም።» አጭር አድርጉት። ምክንያት ባበዛችሁ ቁጥር ለክርክር በር ትከፍታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ

- ታማሚው ትንፋሽ ወይም የልብ ምት ከሌለው አራቱን ክፍል እርሱት። ጮኻችሁ ሰው ጥሩና ደረቱን መጫን ጀምሩ።
- አስታማሚው ሊመታ ከተነሳ ወይም ሰክሮ ከሆነ አታስረዱ። በሩ ከጀርባችሁ እንዲሆን ቁሙ፣ ጥበቃ ጥሩ፣ ራቁ።
- መርዶ ኮሪደር ላይ አይነገርም፣ ለብቻዋ ለቆመች ልጅም አይነገርም። ሐኪሙ ይኑር፣ ሽማግሌ ወይም ቅርብ ዘመድ ይጠራ፣ ሰው ይቀመጥ። «ትንሽ ደክመዋል» ብላችሁ ግን አትዋሹ። «ሐኪሙ መጥቶ ራሱ ይነግራችኋል» በሉና አጠገባቸው ቆዩ።
- የታማሚን ሚስጥር፣ በተለይ የኤችአይቪ ውጤትን፣ ያለ ፈቃዱ ለእናቱም አትንገሩ።

የተለመዱ ስህተቶች

ይቅርታ አብዝቶ መጀመር። «ይቅርታ ዶክተር፣ አስቸገርኩ፣ ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል...» ሰሚው «ምንም ላይሆን ይችላል» የምትለዋን ይይዛል። አንድ ሰላምታ ይበቃል።

«አይዞዎት፣ ይድናሉ» ማለት። «አይዞዎት» በሉ፣ «ይድናሉ» የሚለውን ተዉት። ባይድኑ ቃላችሁ ውሸት ሆኖ ይቀራል። «አብሬዎት ነኝ፣ የሚያምዎትን እናስታግሳለን» የምትችሉት ነገር ስለሆነ እሱን በሉ።

ቁጣን በቁጣ መመለስ። ሐኪሙ ከጮኸ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉና ወደ ታማሚው መልሱት፦ «ስለ አነጋገራችን በኋላ እናወራለን፣ አሁን ግፊታቸው 85 ነው።» ከዚያ በኋላ፣ በእርግጥ በኋላ፣ ለብቻው አግኝታችሁ ንገሩት፦ «ሌሊት ታማሚ ፊት ስትጮህብኝ አፍሬያለሁ። ስህተት ካለኝ ለብቻዬ ንገረኝ።» ይሄን የሚዘልል ሰው ቂም ይይዛል፣ ቂም የያዘ ነርስ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ለመደወል ያመነታል።

ሳይለማመዱ መግባት። አራቱን ክፍል መጀመሪያ ጊዜ የምትናገሩት በሌሊት 8 ሰዓት እየደነገጣችሁ መሆን የለበትም። ርክክብ ላይ አንድ የተረጋጋ ታማሚ ምረጡና ለባልደረባችሁ በአራቱ ክፍል አስረክቡት፣ እሷ ደግሞ የጎደለውን ትንገራችሁ።